ስለ ባሩድ ጥቀርሻና ስለ ጠመንጃ መወልወል

ብረት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚበላው ጠላት አለው፤ ስሙም ዝገት ነው። ማጭድ ይዝጋል፥ መጥረቢያም ይዝጋል፥ ማረሻም በጓዳ ጥግ ተረስቶ የከረመ እንደ ሆነ ይዝጋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ቶሎ የሚዝገው፥ ተተኵሶ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ ነው። ይህ ስለ ምን ይሆናል? ማጭድ ሣርን ያጭዳል እንጂ እሳት አይተፋም። በጠመንጃ ሆድ ውስጥ ግን በተተኰሰ ቍጥር እሳት ይነድዳል፤ እሳትም ባለበት ሁሉ አመድ ይቀራል። የምድጃ አመድ ምድጃውን አይጐዳውም፤ የባሩድ አመድ ግን የተኛበትን ብረት ይበላዋል።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ንባብ ለማወቅ የተጻፈ ነው እንጂ ጠመንጃ እንድትነኩ የተጻፈ አይደለም። ጠመንጃ የአዋቂ ሰው ዕቃ ነው፤ አዋቂውም ቢሆን ያለ ፈቃድ ሊይዘው አይገባም። በአገራችን ይህ ነገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1177 ተደንግጓል። የዱር አራዊትም ያለ ፈቃድ አይታደኑም። እናንተ ግን አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ማታ ከአደን ተመልሶ፥ ገና እንጀራ ሳይቈርስ ጠመንጃውን ሊያጥብ ሲቀመጥ አይታችሁ፥ «ስለ ምን እስከ ነገ አያቈየውም?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። መልሱን አሁን እናገኘዋለን።

ጥንታዊው ባሩድ ጥቁር ነው፤ የሚሠራውም ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከከሰል፥ ከድኝ፥ ሳልፒተር ከሚባልም ነጭ ጨው። ከመቶው እጅ 75 ያህሉ ጨው፥ 15 ያህሉ ከሰል፥ 10 ያህሉ ድኝ ነው። የሚነድዱት ከሰሉና ድኙ ናቸው። ጨውስ ምን ይሠራል? እሳት ያለ አየር እንደማይነድድ ታውቃላችሁ፤ መብራት በማሰሮ ቢከደን ይጠፋልና። በተዘጋ ቀለህ ውስጥ ደግሞ በቂ አየር የለም። ስለዚህ ጨው በውስጡ የያዘውን አየር ለእሳቱ ይሰጠዋል፤ ባሩዱም ሁሉ በቅጽበት ይነድዳል።

ይህ ሁሉ ሲነድድ እንፋሎት መስሎ እርሳሱን ወደ ፊት የሚገፋው ከባሩዱ ክብደት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል። ከዚህም አንዱ ክፍል ያ ወፍራም ነጭ ጢስ ሆኖ በአፈሙዙ ይወጣል፤ የቀረው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻ የምንለው ይህንን ነው።

ሰው ሲያየው ጥቁር ስለ ሆነ የከሰል ጥላሸት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የከሰል ጥላሸት ብቻ ቢሆንስ ጕዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። በጥቀርሻው ውስጥ ልዩ ልዩ ጨዎች ተሰውረው አሉ። አንደኛው በእንጨት አመድ ውስጥ የሚገኘው ፖታስ የሚባለው ነው፤ አመድ በውሃ ሲበጠበጥ ውሃው እጅን የሚያሟልጨው በእርሱ ምክንያት ነው። ሌላው ከድኙ የተወለደ ነው፤ ጠመንጃው በውሃ ሲታጠብ እንደ ተበላሸ እንቍላል የሚሸተው ይህ ነው። አፍንጫውን ይዞ የሚያጥብ አዳኝ ብታዩ አትሳቁበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጨው ውሃን ይወድዳል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ በክረምት ወደ ጓዳ መግባት ይበቃል። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ በትውልድ አገሩ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። ዱሮ ሰዎች እንደ ገንዘብ ሲገበዩበት ደጋ ድረስ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበረ። ነገር ግን ያው አሞሌ በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ ሲያድር ይረጥባል፤ እንደሚያለቅስም ሰው ጠብ ጠብ ይላል። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም፤ ውሃውን ከአየር ስቦ ወሰደው እንጂ።

በጠመንጃ ቧንቧ ውስጥ ያለው ጨውም እንዲሁ ያደርጋል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ጨው ውሃውን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ብረቱም ማንም ሳያየው በጨው ውሃ ተነክሮ ያድራል። ብረት በአየርና በውሃ መካከል ሲቆም ይዝጋል፤ ጨው ሲጨመርበት ግን ዝገቱ እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ ማታ ጥቁር የነበረው ቧንቧ ጧት ቀይ ሆኖ ይገኛል።

በአባቶቻችን ዘመን በእጃቸው የነበሩት ብዙዎቹ ጠመንጆች በዚህ በጥቁር ባሩድ የሚተኰሱ ነበሩ። ስናድር ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። ውጅግራ የተባለው ስም ደግሞ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ በፈረንሳይኛ ጠመንጃ «ፊዚ» ይባላል፤ «ግራ» የተባለውም ያን ጠመንጃ ያበጀው መኰንን ነው። ውጅግራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ለፈረንሳይ ጦር ተሰጠ፤ የቧንቧውም ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ላይ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙ ሰው ይህን ጠመንጃ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ዛሬ ከአያት የወረደ ሆኖ በቤት ተሰቅሎ ይገኝ ይሆናል፤ ዛሬ ቧንቧው ሲታይ ባለቤቱ የነበረው ሰው ታጋሽ ይሁን ሰነፍ ይታወቃል።

ከእነዚህም በፊት የነበሩት ጠመንጆች ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዝ በኩል የሚገባባቸው ነበሩ። በእነዚያ ላይ ጥቀርሻ ያመጣው ችግር ዝገት ብቻ አልነበረም። ጥቂት ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ቧንቧው እየጠበበ ስለሚሄድ፥ ወታደሩ እርሳሱን በዘንግ እየገፋ ለማስገባት ይቸገር ነበር፤ ጠላትም እስኪወለውል ድረስ አይጠብቀውም። ስለዚህ በ1849 ሚኒዬ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን ከቧንቧው የሚያንስ፥ በቀላሉ የሚገባ፥ ሲተኰስ ግን ተለጥጦ ቧንቧውን የሚሞላ እርሳስ አበጀ።

እንግሊዞችም ይህን አሳብ ተከትለው በ1853 ኤንፊልድ የሚባለውን ጠመንጃ ሠሩ። ባሩዱና እርሳሱ በአንድነት በወረቀት ይጠቀለሉ ነበር፤ እርሳሱ በጥቀርሻው ላይ እንዲንሸራተት፥ ጥቀርሻውም እንዲለሰልስ ወረቀቱ በሞራ ይቀባ ነበር። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ይቀድደዋል። በህንድ አገር ለእንግሊዝ ኩባንያ የሚያገለግሉ የአገሩ ወታደሮች ግን፥ ሞራው የላምና የዐሣማ ነው የሚል ወሬ ሰሙ። ለሂንዱ ላም የተከበረች ናት፤ ለእስላም ደግሞ ዐሣማ እርኩስ ነው። በ1857 በሜሩት ከተማ 85 ፈረሰኞች ጥይቱን አንቀበልም አሉ፤ በእግር ብረትም ታሰሩ፤ በማግሥቱ ግንቦት 10 ቀን ባልንጀሮቻቸው ተነሡ፤ አመፁም ሰሜን ህንድን አዳረሰ። በ1858 የኩባንያው ግዛት ቀረ፤ ህንድም በእንግሊዝ ንግሥት እጅ ሆነች። በእርግጥ ሕዝቡ የተነሣው በብዙ ምክንያት ነው፤ ስለ መሬት፥ ስለ ግብር፥ ስለ ክብር የቈየ ቅሬታ ነበረና። ነገር ግን እሳቱን የለኰሰው ይህ የጥይት ሞራ ነው፤ ሞራውም በከፊል የተፈለገው ስለ ባሩድ ጥቀርሻ ነበር።

በ1884 ፖል ቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ አልባ ባሩድ አበጀ። ይህ ባሩድ ከሞላ ጐደል ሁሉም ነድዶ ትንፋሽ ይሆናል፤ የሚቀረው ጠጣር እጅግ ጥቂት ነው። በሁለተኛው ዓመት፥ በ1886፥ ፈረንሳዮች ለበል የተባለውን ጠመንጃ ለዚህ ባሩድ ሠሩ። ሌሎችም መንግሥታት ፈጥነው ተከተሉ። አዳኞች ደስ አላቸው። ጢስ ዐይናቸውን አይጋርድም፤ ቧንቧውንም ሲመለከቱ ንጹሕ ይመስላል። «ከእንግዲህ ወዲህ በውሃ ማጠብ ቀረ፤ ዘይት ብቻ ይበቃል» አሉ።

ነገር ግን አንድ ድንቅ ነገር ሆነ። ንጹሕ የሚመስሉት ቧንቧዎች ከጥንቶቹ ይልቅ ይዝጉ ጀመር። አዳኙ ቧንቧውን በዘይት ወልውሎ፥ ነጭ ጨርቅ አሳልፎ፥ ንጹሕ መሆኑን አይቶ ይሰቅለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሲያየው ቀልቷል። እንደ ገና ይወለውለዋል፤ እንደ ገና ይቀላል። ሰዎችም «ብረቱ ያልበዋል» አሉ፤ አንዳንዶችም ከአዲሱ ባሩድ የወጣ ኮምጣጣ ነገር በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ተሸሽጓል፥ ቀስ በቀስም ይወጣል ብለው አስተማሩ። በዚህም አሳብ ብዙ ዓመት ቈዩ።

ጥፋቱ ግን የባሩዱ አልነበረም። በቀለሁ ግርጌ አንዲት ትንሽ ቆብ አለች፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን ትለኵሳለች። በዚያ ዘመን በዚህች መለኰሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር ይጨመር ነበር። ይህም ሲነድድ ፖታሲየም ክሎራይድ ወደሚባል ጨው ይለወጣል፤ በወጥ ውስጥ ለምንጨምረውም ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ የሚሠራ ዊልበርት ሃፍ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነገሩን መርምሮ፥ ብረቱን የሚበላው ይህ ጨው መሆኑን አስረዳ። ጨው ያለበት ብረት በደረቅ አየር ቢቀመጥ አይዝግም፤ በእርጥብ አየር ግን ዘይት ተቀብቶም ይዝጋል።

እንግዲህ ዘይት ያልረዳው ስለ ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። ጨው በዘይት አይሟሟም። ካላመናችሁ ጥቂት ጨው በዘይት፥ ጥቂቱን ደግሞ በውሃ ጨምራችሁ አማስሉ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ይጠፋል፥ በዘይቱ ውስጥ ያለው ግን ከሥር ተቀምጦ ይታያል። ዘይት የቀባው አዳኝ ጨውን አላወጣውም፤ በላዩ ከደነው እንጂ። የጥንቱ አዳኝ ግን ስለ መለኰሻው ጨው አንዳች ሳያውቅ፥ ጥቁሩን ጥቀርሻ ለማስለቀቅ ብሎ ቧንቧውን በውሃ ያጥብ ነበርና ጨውም አብሮ ይወጣለት ነበር። ጥቀርሻው ብዙ ስለ ነበረ እንዲያጥብ ግድ ሆነበት፤ በመታጠቡም ብረቱ ዳነ። ለእኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ እጅግ የሚገርመኝ ይህ ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት በጀርመንና በአሜሪካ ይህ ጨው የሌለበት መለኰሻ እየተሠራ ለአዳኞች ይሸጥ ጀመር፤ ዛሬ የሚሠራው የአደን ጥይት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። የቈየ የወታደር ጥይት ግን ጨው ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በውጭ ሲያዩትም አይለይም። ስለዚህ የጥይቱን ዘር የማያውቅ ሰው ጨው እንዳለበት ቈጥሮ ቢያጥብ አይጸጸትም፤ የሚያጠፋው አንድ ማንቈርቈሪያ ውሃ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት አዳኞችን በአሳባችን እናቁም። ሁለቱም በአንድ ቀን ድኵላ አድነው ተመለሱ። አንደኛው ያን ማታ ጠመንጃውን አጠበ። ሁለተኛው «ደክሞኛል፥ ነገ» ብሎ ሰቀለው፤ ነገ ገበያ ሆነ፥ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ሆነ። በሳምንቱ ሲያወርደው ቧንቧው ቀልቶ አገኘው። ዝገቱን ፈግፍጎ አወጣው፤ ነገር ግን ዝገት የበላው ብረት አይመለስም፤ በስፍራው ጥቃቅን ጕድጓዶች ይቀራሉ። በጕድጓዶቹም ውስጥ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቀርሻና እርሳስ ይሰገሰጋል፤ በቧንቧው ውስጥ እርሳሱን እያሽከረከሩ የሚያቀኑትም ጠመዝማዛ ቦዮች ይደመሰሳሉ። ከዚህ በኋላ ያ ሰው ልቡን አነጣጥሮ ሲተኵስ ድኵላዋን ሆዷ ላይ ይመታታል። ድኵላዋ ቈስላ ወደ ጫካ ትሮጣለች፤ እርሱ ሥጋ አያገኝም፥ እርስዋም ሌሊቱን ሙሉ ታጣጥራለች። የቈሰለው ነብር ወይም ጎሽ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያጣጥረው ማን እንደሚሆን አይታወቅም።

አዋቂ አዳኝ ጠመንጃውን ሲያጥብ እንዲህ ያደርጋል። ከሁሉ አስቀድሞ አፈሙዙን ሰውም ከብትም ወደሌለበት አዙሮ ጥይቱን ያወጣል፤ ቧንቧው ባዶ መሆኑን በዐይኑ ያያል፥ ጨለማም ከሆነ በጣቱ ይዳስሳል። ጥይቶቹን ሁሉ ከነዝናሩ በሌላ ክፍል ያኖራል። «ባዶ ነው» ተብሎ ሲወለወል ሰው የገደለ ጠመንጃ በብዙ አገር አለና፥ አዳኙ ትናንት ራሱ ያወጣውን እንኳ ዛሬ እንደ ገና ይመለከታል። ይህን ሳያደርግ ጨርቅ የሚያነሣ ሰው ብታዩ ከዚያ ቤት ውጡ።

ከዚህ በኋላ ቃታውን ይነቅላል። አፈሙዙን የፈላ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ነክሮ፥ በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ፥ ከኋላ በኩል እያስገባ ወደ ላይና ወደ ታች ይስበዋል፤ ውሃውም በቧንቧው ውስጥ ይወጣል፥ ይወርዳል። ሳሙና ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም ንጹሕ ውሃ ጨውን ያሟሟዋል። ውሃው ሲጠቍር ይደፋል፥ በአዲስ ይተካል፤ ጥርት ብሎ እስኪወጣም ድረስ ይደግመዋል። ውሃው የፈላ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጨውን ፈጥኖ ያሟሟዋል፥ ብረቱንም ስለሚያግለው ቧንቧው ራሱን ያደርቃል። ወደ እንጨቱ ሰደፍ ግን ውሃ እንዳይገባ ይጠነቀቃል፤ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣልና።

ጨርቁ በልክ ይሁን። ትልቅ ጨርቅ በመካከል ይወተፋል። ተረስቶ በቧንቧ ውስጥ የቀረ ጨርቅ ደግሞ ከዝገት ይልቅ የከፋ ነው፤ በላዩ የተተኰሰ እንደ ሆነ ቧንቧው ሊፈነዳና የተኳሹን እጅ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሲጨርስ ቃታው እንደ ተነቀለ በቧንቧው ውስጥ ወደ ብርሃን ይመለከታል፤ ክብ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ካልታየው ሥራው አላለቀም።

በጢስ አልባ ባሩድ የሚተኰሰው ጥይት ብዙ ጊዜ በመዳብ የተለበጠ ስለ ሆነ፥ ከመዳቡም ጥቂት በቧንቧው ላይ ይቀራል። ይህን ውሃ አያስለቅቀውም፤ አሞንያ ያለበት መድኃኒት ግን ያስለቅቀዋል። አሞንያ በከብት በረት ውስጥ ዐይን የሚያቃጥለው ሽታ ነው። መዳብ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ስለዚህ አዳኙ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ ገና እንዳለ ያውቃል። መድኃኒቱንም በቧንቧው ውስጥ አያሳድረውም፤ ጠርጎ ያወጣዋል።

ከዚያም ደረቅ ጨርቅ እየለዋወጠ፥ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም በዘይት የራሰ ጨርቅ አንድ ጊዜ ያሳልፋል። ዘይት አሁን ጊዜው ነው፤ ጨው ወጥቷልና የሚከደነው ንጹሕ ብረት ነው። ስስ ይሁን፤ የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፥ ከመተኰስም በፊት መጠረግ አለበት። ቅቤ ግን አይቀባም፤ በውስጡ ውሃ አለ፥ ሲቈይም ይኮመጥጣል። ጠመንጃውም በቆዳ ልብሱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና።

አዳኙ ምግብ ሳይነካ፥ ልጁንም ሳያቅፍ እጁን በሳሙና ይታጠባል። በጥቀርሻው ውስጥ እርሳስ አለ፤ እርሳስ ደግሞ በሰው ገላ በተለይም በሕፃናት ላይ መርዝ ነው። የተወለወለበትም ጨርቅ ሕፃናት በማያገኙት ስፍራ ይጣላል።

በማግሥቱ ጧት አንድ ነጭ ጨርቅ እንደ ገና ያሳልፋል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ የወጣ እንደ ሆነ ጠመንጃውን ይሰቅለዋል። ቀላ ብሎ የወጣ እንደ ሆነ ግን ጨው ገና በውስጡ አለ ማለት ነውና፥ ዘይቱን አስቀምጦ ውሃውን እንደ ገና በምድጃ ላይ ይጥዳል።